በ54 ዓመት ዕድሜ የቴክኖሎጂ ሥራ ፍለጋ፦ ሕጉ የት ድረስ ያግዛል?

ጥያቄ፦ «በሜሪላንድ የምኖር የ54 ዓመት ሰው ነኝ። በ1985 ዓ.ም. ከአምስት ኪሎ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ ቴሌ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣሁ በኋላም ለ19 ዓመት በኔትወርክ ኢንጂነርነት ተቀጥሬ ቆይቻለሁ። ከሰባት ወር በፊት፣ 400 ያህል ሠራተኞች ያሉት ድርጅቴ ‹መልሶ ማደራጀት› ብሎ 12 ሰዎች ሲቀንስ አብሬ ወጣሁ። ከ12ታችን ዘጠኙ ከ45 ዓመት በላይ ነን። ከመውጣቴ ስድስት ሳምንት አስቀድሞ በደብዳቤ ተነግሮኛል፤ የስንብት ክፍያም ወስጄ ወረቀት ፈርሜአለሁ። ከዚያ ወዲህ ከ130 በላይ ቦታ አመልክቼ ለቃለ መጠይቅ የተጠራሁት አራት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ጋ ‹ቡድናችን በሙሉ ወጣት ነው፤ ፍጥነቱን ትችለዋለህ?› ተባልኩ፤ ሌላው ጋ ‹ልምድህ ለቦታው ከሚያስፈልገው በላይ ነው› አሉኝ። ማታ ያስገባሁት ማመልከቻ ሳይነጋ ውድቅ የሆነበትም ጊዜ አለ። ልጆቼ የምረቃ ዓመቴን ከሬዙሜው ላይ እንዳወጣ ይመክሩኛል፤ ለእኔ ግን ማጭበርበር መስሎ ታየኝ። ሥራ የከለከለኝ ዕድሜዬ ነው? ከሆነስ የሚከለክል ሕግ አለ ወይ? ሬዙሜዬን አያይዣለሁ።»

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄዎን ከነሬዙሜው ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። የጠየቁኝ በራቸውን ስለዘጉብዎት 130 ድርጅቶች ነው፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን ያሰናበተዎት አንዱ ድርጅት ነው። ስለዚህ መልሴን ካልጠየቁኝ ነገር እጀምራለሁ፤ ጊዜ የማይሰጠው እርሱ ነውና። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእርስዎ 1985 ብቻ የኢትዮጵያ ነው። እርሱም የራሱ ጣጣ ስላለው ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በሥራ ላይ የዕድሜ መድልዎን የሚከለክለው የአሜሪካ የፌዴራል ሕግ የወጣው በ1967 ነው። ሕጉ 40 ዓመት የሞላውን ሰው ሁሉ ይጠብቃል፤ 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሉትን ቀጣሪ ይመለከታል፤ መቅጠርንም፣ ማሰናበትንም፣ ደመወዝንም፣ የደረጃ ዕድገትንም ይሸፍናል። አገር ቤት 60 ዓመት ሲሞላ እንደምናውቀው ዓይነት ጣሪያ የለውም፤ መጀመሪያ 65 ላይ ያበቃ የነበረው ጥበቃ በ1978 ወደ 70 ከፍ ብሎ፣ በ1986 ደግሞ ጣሪያው ራሱ ተነሥቷል። ስለዚህ «ሕግ አለ ወይ?» ላሉት መልሱ አጭር ነው፤ አለ፤ እርስዎንም የቀድሞ ድርጅትዎንም ይመለከታል።

ይህን ሕግ ይዞ መጀመሪያ የሚኬደው ግን ወደ ፍርድ ቤት ሳይሆን ወደ እኩል የሥራ ዕድል ኮሚሽን ነው፤ ኮሚሽኑም አቤቱታ የሚቀበለው በቀን ገደብ ነው። ገደቡ 180 ቀን ሲሆን፣ የዕድሜ መድልዎን የሚከለክል የራሳቸው ሕግና አስፈጻሚ መሥሪያ ቤት ባላቸው ክፍለ ግዛቶች 300 ቀን ይሆናል። ሜሪላንድ ከእነዚህ አንዷ ናት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀኑን ከየት ጀምሮ መቁጠር እንዳለበት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1980 በሰጠው ውሳኔ መሠረት ቆጠራው የሚጀምረው ከሥራ ገበታ ከተነሡበት ቀን ሳይሆን፣ እንደሚሰናበቱ በግልጽ ከተነገረዎት ቀን ነው። እንግዲህ አብረን እንቁጠር፦ ከወጡ ሰባት ወር ሆኖዎታል፤ ይህ 212 ቀን ገደማ ነው። ደብዳቤው የደረሰዎት ከዚያ ስድስት ሳምንት ቀድሞ ነው፤ ይህ ደግሞ 42 ቀን ነው። ድምሩ 254 ይመጣል። በእጅዎ የቀሩት ቀናት 46 ያህል ብቻ ናቸው ማለት ነው፤ እርስዎ ግን ከመጨረሻው የሥራ ቀን ቢቆጥሩ ኖሮ ሦስት ወር ያህል የቀረዎት ይመስልዎት ነበር። ደብዳቤውን ዛሬውኑ አውጥተው ቀኑን ይዩና ሒሳቡን በራስዎ ያረጋግጡ።

«ወረቀት ፈርሜ ገንዘብ ወስጃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ምን መብት አለኝ?» እንደሚሉ እገምታለሁ፤ ወደ ቢሮዬ የሚመጣው ወገናችን ሁሉ ሐፍረት በተቀላቀለበት ድምፅ የሚለኝ ይህንኑ ነው። ነገሩ ግን በፊርማ ብቻ አያበቃም። በ1990 የወጣው ማሻሻያ፣ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ሠራተኛ የዕድሜ መብቱን የሚተውበት ስምምነት እንዲጸና ማሟላት ያለበትን ነገር አንድ በአንድ ዘርዝሯል። ወረቀቱ ለመረዳት በሚቻል ቋንቋ መጻፍ አለበት፤ የዕድሜ መድልዎ ሕጉን በስሙ መጥቀስ አለበት፤ ጠበቃ እንዲያማክሩ በጽሑፍ መምከር አለበት፤ የሚሰጥዎት ገንዘብም ያለዚያ ወረቀት ከሚገባዎት በላይ የሆነ ተጨማሪ ነገር መሆን አለበት። አንድ ሰው ለብቻው ሲሰናበት የማሰቢያው ጊዜ 21 ቀን ነው፤ እንደ እርስዎ ከሌሎች ጋር በአንድ ፕሮግራም ሲቀነስ ግን 45 ቀን ሊሰጠው ይገባል። ከፈረመም በኋላ ሐሳቡን የሚለውጥበት 7 ቀን አለው።

ለእርስዎ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። በቡድን ቅነሳ ጊዜ ድርጅቱ ከስምምነቱ ጋር አንድ ዝርዝር የማያያዝ ግዴታ አለበት፤ ዝርዝሩም ከአንድ ክፍል ለቅነሳ የተመረጡትን ሰዎች የሥራ መደብና ዕድሜ፣ ሳይነኩ የቀሩትንም ዕድሜ ያሳያል። ስም አይጻፍበትም። «ኔትወርክ ኢንጂነር፣ 54፣ ተመርጧል፤ ኔትወርክ ኢንጂነር፣ 31፣ አልተመረጠም» እያለ የሚሄድ ደረቅ ሠንጠረዥ ነው። ዕድሜውም በየዓመቱ ተለይቶ እንጂ «ከ40 እስከ 50» ተብሎ በጅምላ ሊሰፈር አይችልም። ይህን ገጽ ብዙ ሰው እንደ ተራ አባሪ አይቶ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ከመላው ሰነድ አስቀድሜ የማነበው እርሱን ነው። ከ12ቱ ዘጠኙ ከ45 ዓመት በላይ እንደሆኑ ነግረውኛል፤ ይህ ቁጥር ትርጉም የሚኖረው ግን ከቀሩት ጋር ሲነጻጸር ነው። ከክፍሉ 40 ሠራተኞች መካከል 30ዎቹ ከ45 በላይ ከነበሩ ዘጠኝ ከ12 ምንም አያስገርምም። ከ40ዎቹ 11ዱ ብቻ ከነበሩና ዘጠኙ ከተባረሩ ግን ድርጅቱ በቂ ማብራሪያ ማቅረብ ይኖርበታል።

ዝርዝሩ ከሌለ፣ ወይም 45 ቀኑ ካልተሰጠዎት፣ የፈረሙት ወረቀት የዕድሜ ክስን የመከልከል ኃይል የለውም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1998 ከዚህም አልፎ፣ እንዲህ ባለ ጉድለት ያለበት ወረቀት የፈረመ ሠራተኛ ለመክሰስ ሲል የተቀበለውን ገንዘብ አስቀድሞ መመለስ እንደማይጠበቅበት ወስኗል። ወረቀቱ ሁሉን ያሟላ ቢሆን እንኳ ለኮሚሽኑ አቤቱታ ከማቅረብ ሊያግድዎት አይችልም። እንግዲህ «ፈርሜአለሁ» ብለው ነገሩን አይዝጉት።

ስንብቱን ያስቀደምኩት ከቅጥር ክስ ይልቅ የስንብት ክስ በማስረጃ የተሻለ ስለሆነ ነው። ድርጅቱን ያውቁታል፤ አብረውዎት የወጡትንና የቀሩትን ያውቃሉ፤ የሥራ ግምገማዎ በእጅዎ አለ፤ ሥራዎ ለማን እንደተሰጠም ማወቅ ይችላሉ። እዚህ ላይ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱን የ1996 ውሳኔ ልብ ይበሉ፦ የተካዎት ሰው ከ40 ዓመት በታች መሆን የለበትም፤ ከእርስዎ በጉልህ ማነሱ ይበቃል። ከትልልቆቹ ኩባንያዎች የታወቀው ምሳሌ አይቢኤም ነው። ኮሚሽኑ ከ2013 እስከ 2018 የተደረጉትን ቅነሳዎች መርምሮ በ2020 በሰጠው ማጠቃለያ፣ ለቅነሳ ከታሰቡት ሰዎች ከ85 በመቶ በላይ የሆኑት በዕድሜ የገፉት እንደነበሩና መድልዎ እንደተፈጸመ ለማመን የሚያበቃ ምክንያት እንዳለ ገልጿል። ኩባንያው ክሱን አይቀበልም። ኮሚሽኑን እዚያ ድምዳሜ ላይ ያደረሰው የቁጥርና የውስጥ መልእክቶች ክምችት ነው፤ አንድ አመልካች ከውጭ ሆኖ እንዲህ ያለውን መረጃ የሚያገኝበት መንገድ የለውም።

አሁን ወደ ራስዎ ጥያቄ ልመለስ። ሥራ የከለከለዎት ዕድሜዎ ነው ወይ? በእውነት ለመናገር፣ ከ130 ማመልከቻ አራት ቃለ መጠይቅ ማግኘት ብቻውን መድልዎን አያስረዳም። የቴክኖሎጂው ዘርፍ ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ በተከታታይ ሠራተኛ ቀንሷል፤ የ28 ዓመት ወጣቶችም በመቶ የሚቆጠር ማመልከቻ እያስገቡ መልስ ያጣሉ። ሆኖም ጥርጣሬዎ መሠረት የለሽ ነው አልልም። ኮሚሽኑ በ2024 ባወጣው ጥናት፣ በቴክኖሎጂው ዘርፍ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሠራተኞች ድርሻ በ2014 ከነበረበት 55.9 በመቶ በ2022 ወደ 52.1 በመቶ ወርዷል፤ አገሪቱ በአጠቃላይ እያረጀች ባለችበት ዘመን ነው ይህ የሆነው። የአስተሳሰቡንም ሥር ማየት ከባድ አይደለም። የፌስቡክ መሥራች በ2007፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ስታንፎርድ ላይ ለተሰበሰቡ ጀማሪ ሥራ ፈጣሪዎች ወጣቶች ይበልጥ ብልህ ናቸው ብሎ በአደባባይ ተናግሯል። ያን የሰሙ ወጣቶች ዛሬ የቅጥር ኃላፊዎች ናቸው። ጎግልም ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ አመልካቾች ላቀረቡት ክስ በ2019 ጥፋቱን ሳያምን ከ200 በላይ ለሚሆኑ ሰዎች 11 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቷል።

የሕጉ ድክመት የሚታየው ግን እዚሁ የቅጥር በር ላይ ነው፤ ይህን ሳልነግርዎ ተስፋ ብቻ ብሰጥዎት በደል ይሆንብኛል። በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የዕድሜ ከሳሽ «ዕድሜዬ ባይሆን ኖሮ ይህ ውሳኔ አይወሰንብኝም ነበር» የሚለውን ማስረዳት አለበት ብሏል። ዕድሜ ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ተደርቦ ትንሽ ድርሻ ነበረው ማለት አይበቃም። ደመወዝም የራሱ ጉዳይ ነው፤ የ1993 ውሳኔ የአገልግሎት ዘመንና ዕድሜ አንድ እንዳልሆኑ ስለገለጸ፣ «ውድ ነህ» ተብሎ መከልከል ሁልጊዜ «አርጅተሃል» ከመባል ጋር አይቆጠርም። በሦስተኛ ደረጃ፣ ላይ ላዩን ለሁሉም እኩል መስሎ በውጤቱ ግን በዕድሜ የገፉትን የሚጎዳ አሠራርን በተመለከተ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 ተቀጥረው ለሚሠሩ ሰዎች በሩን የከፈተ ቢሆንም፣ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች በ2016 እና በ2019 ገና ያልተቀጠረ አመልካች በዚህ መንገድ መክሰስ እንደማይችል ወስነዋል። በካሊፎርኒያ ደግሞ የፌዴራል ዳኞች ተቃራኒውን ይዘዋል። በእነዚያ ሁለት የይግባኝ ፍርድ ቤቶች ክልል «ከሦስት እስከ ሰባት ዓመት ልምድ» የሚል ማስታወቂያ የእርስዎን 26 ዓመት ልምድ በር ላይ ቢያስቀር፣ ሕጉ የሚሰጥዎት መልስ እጅግ ቀጭን ነው። በበኩሌ እነዚያን ሁለት ውሳኔዎች ስሕተት ናቸው ብዬ አምናለሁ፤ ሕጉ ሲወጣ ዋነኛ ዓላማው በዕድሜ የገፉ ሰዎች ሥራ እንዲያገኙ ማድረግ ነበርና።

በቅጥር ጉዳይ ማስረጃ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ቃል ነው። የኮሚሽኑ ደንብ በማስታወቂያ ላይ «ወጣት»፣ «የኮሌጅ ተማሪ»፣ «በቅርቡ የተመረቀ» የሚሉ አገላለጾችን ከክልከላው ውስጥ በስም ጠቅሷቸዋል። «ቡድናችን በሙሉ ወጣት ነው፤ ፍጥነቱን ትችለዋለህ?» ያለዎት ሰው ማን ነበር? ቀጠሮ የያዘልዎት የኤችአር ሠራተኛ ከሆነ ፍርድ ቤቱ እንደ ተራ ወሬ ሊያልፈው ይችላል። ውሳኔውን የሚወስነው ኃላፊ ራሱ ከሆነና ከጥቂት ቀን በኋላ ከተከለከሉ ግን ከ130ዎቹ ሁሉ ጠንካራው ጉዳይዎ ይህ ነው። እያንዳንዱ ክልከላ የራሱ የ300 ቀን ቆጠራ አለው፤ ስለዚህ የዚህኛውን ቀን ለብቻው ይመዝግቡ። «ልምድህ ከሚያስፈልገው በላይ ነው» የሚለው አነጋገር ደግሞ በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ሳይጨመርበት ሲቀር ግን የዕድሜ መሸፈኛ ሊሆን እንደሚችል በ1991 አንድ የይግባኝ ፍርድ ቤት ተናግሯል። ይህ ምላሽ በአፍ ብቻ የተነገረዎት ከሆነ፣ ለሰጡዎት ጊዜ የሚያመሰግን ትሕትና ያለው ኢሜይል ጽፈው «ልምዴ ለቦታው ከሚያስፈልገው በላይ ሆኖ እንዳገኛችሁት ስለገለጻችሁልኝ» ብለው ያስገቡበት። መልስ ከሰጡ በጽሑፍ ያዙት ማለት ነው፤ ዝም ካሉም የእርስዎ ኢሜይል ቀኑን ይዞ ይቀመጣል።

አንዲት ደንበኛዬ፣ የእኛው አገር ሰው፣ የ51 ዓመት የዳታቤዝ ባለሙያ፣ ሰማያዊ የትምህርት ቤት ደብተር ይዛ ነበር የመጣችው። በየገጹ የማመልከቻው ቀን፣ የማስታወቂያው ቃል፣ ያነጋገራት ሰው ስምና የተባለችው ነገር በአማርኛ ተጽፏል፤ ማስታወቂያዎቹን ሁሉ በስክሪንሾት አስቀምጣቸዋለች። አንዱ ድርጅት «ቦታው ተሰርዟል» ብሎ በጻፈላት በሦስተኛው ሳምንት ያንኑ ማስታወቂያ ቃል በቃል መልሶ አውጥቶት አገኘችው። ጉዳይዋ በስምምነት ሊያልቅ የቻለው በዚያ ስክሪንሾት ነው። ማስታወቂያ ከድረ ገጽ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ እርስዎ ከዛሬ ጀምሮ ሳያስቀምጡ አያመልክቱ።

ሳይነጋ ውድቅ ስለሆነው ማመልከቻ ልናገር። በዚያ ሰዓት ሰው አላነበበውም፤ ማሽን ነው የጣለው። ያ ብቻውን መድልዎ አይደለም፤ «የሥራ ፈቃድ አለህ? ይህ ሰርተፊኬት አለህ?» የሚሉ ማጣሪያዎች በሰከንድ ውስጥ ውድቅ ያደርጋሉና። ግን ማሽን በዕድሜ ሲያጣራ የተያዘበት ጊዜም አለ። በኢንተርኔት እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ ሰዎችን የሚቀጥረው አይቱተርግሩፕ፣ 55 ዓመት የሞላቸውን ሴቶችና 60 የሞላቸውን ወንዶች በራሱ እንዲጥል የተዘጋጀ ሶፍትዌር በ2020 ተጠቅሟል ሲል ኮሚሽኑ ከሷል፤ ከ200 በላይ ብቁ አሜሪካውያን አመልካቾች በዚህ መንገድ ተጥለዋል ይላል ክሱ። ነገሩ የታወቀው እንዴት መሰለዎት? አንዲት አመልካች የልደት ቀንዋን ብቻ ወደ ወጣትነት ቀይራ ያንኑ ማመልከቻ ደግማ ስታስገባ ለቃለ መጠይቅ ተጠራች። ጉዳዩ በ2023 በ365,000 ዶላር ተቋጭቷል።

አሁን ዓይን ሁሉ ያረፈው በወርክደይ ላይ በቀረበው ክስ ነው። ከ100 በላይ ቦታዎች ላይ ያመለከተ ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ባለሙያ፣ ብዙ ቀጣሪዎች የሚጠቀሙበት ይህ የማመልከቻ ሥርዓት በዕድሜ ያጣራል ብሎ በ2023 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ከሷል። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያስገባው አንድ ማመልከቻ አንድ ሰዓት ሳይሞላው ውድቅ እንደሆነበት በክሱ ጠቅሷል፤ የእርስዎን ገጠመኝ ሳነብ ትዝ ያለኝ ይህ ነው። ዳኛዋ በ2024 ሶፍትዌር አቅራቢው ራሱ የቀጣሪዎቹ ወኪል ሆኖ ሊጠየቅ ይችላል ብለው ክሱ እንዲቀጥል ፈቀዱ፤ በሜይ 2025 ደግሞ ከሴፕቴምበር 2020 ወዲህ በዚሁ ሥርዓት አመልክተው የተጣሉ ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች እንዲሰባሰቡ ቅድመ ፈቃድ ሰጡ። ወርክደይ ክሱን ይክዳል፤ በፍሬ ነገሩ ላይ ፍርድ ተሰጥቷል ማለትም አይደለም። ካመለከቱባቸው 130 ቦታዎች ስንቱ በወርክደይ በኩል እንደሆነ የከፈቷቸውን መለያዎችና የደረሱዎትን ኢሜይሎች አይተው ይቁጠሩ፤ ኢሜይሎቹንም አያጥፉ።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ላክል። በኤፕሪል 2025 የወጣ የፕሬዚዳንት ትእዛዝ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች በውጤት ብቻ ስለሚጎዳ አሠራር የሚቀርቡ ጉዳዮችን ወደ ጎን እንዲያደርጉ ይመራል። ስለዚህ አቤቱታዎ «አሠራራቸው በዕድሜ የገፉትን ይጎዳል» በሚል ብቻ ከቆመ ኮሚሽኑ ሊገፋበት አይችልም። «እኔን በዕድሜዬ ምክንያት መርጠው ቀነሱኝ» የሚለው የታሰበበት መድልዎ ግን በዚያ ትእዛዝ አልተነካም፤ እርስዎ በግል የመክሰስ መብትዎም እንዳለ ነው።

የምረቃ ዓመትን ስለማውጣት «ማጭበርበር መስሎ ታየኝ» ያሉትን ከልብ አከብራለሁ፤ ሳይጠየቁ አለመናገርና ተጠይቆ መዋሸት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሬዙሜ የሕይወት ታሪክ አይደለም፤ ለአንድ ሥራ የሚያበቃዎትን ብቻ መርጠው የሚያሳዩበት ወረቀት ነው። አገር ቤት ሲቪ ላይ የትውልድ ቀን፣ የጋብቻ ሁኔታና ፎቶግራፍ ማስገባት የተለመደ ስለሆነ ሳናስበው ይዘነው እንመጣለን፤ በእርስዎም ላይ ሦስቱም አሉ። ሦስቱንም ያውጡ። ኮኔቲከት ከ2021፣ ኮሎራዶ ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ቀጣሪዎች በመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የምረቃን ዓመት እንዳይጠይቁ በሕግ ከልክለዋል፤ ሕግ አውጪዎቹ ራሳቸው አመልካቹ ይህን ላለመናገር መብት አለው ብለዋል ማለት ነው።

በእርስዎ ሬዙሜ ላይ ግን ከዚህም የከፋ ነገር አለ። ዲግሪዎን «1985» ብለው እንዳለ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጽፈውታል፤ የቴሌውን ዘመንም እንዲሁ፤ የአሜሪካውን ግን በአውሮፓውያን። ሐምሌ 1985 ማለት ጁላይ 1993 ነው። እርስዎን የማያውቅ ቀጣሪ 1985ን ሲያነብ የ54 ሳይሆን የ62 ዓመት ሰው አድርጎ ይቆጥርዎታል፤ በራስዎ እጅ ስምንት ዓመት ጨምረውበታል። አልፎም ዩኒቨርሲቲው ለማረጋገጫ ሲጠየቅ 1993 ብሎ ከመለሰ የሐሰት መረጃ የሰጡ ይመስላል፤ በቴሌና በአሜሪካው ሥራ መካከልም ምንም ያልሠሩባቸው ረጅም ዓመታት ያሉ ይመስላል። ይህን ስሕተት በሐኪምም፣ በአካውንታንትም፣ በመሐንዲስም ሬዙሜ ላይ አይቼዋለሁ፤ የቀን መቁጠሪያችንን የማያውቅ ሰው ፈጽሞ ሊገምተው አይችልም።

እንግዲህ የዲግሪውን ዓመት ያውጡት፤ የቴሌውን ሰባት ዓመት ያለ ቀን በአንድ መስመር ያስቀምጡት፤ ዝርዝሩን የመጨረሻዎቹ 12 ወይም 15 ዓመታት ላይ ያድርጉ። ሊንክድኢን ላይም ያንኑ ያስተካክሉ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገው የሚያነብ ቀጣሪ ልዩነቱን ወዲያው ያየዋልና። በቅጽ ላይ ዓመቱ በቀጥታ ከተጠየቀ ግን እውነቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይጻፉ። ቅጥሩ ከጸደቀ በኋላ በሚሞላው የመንግሥት ቅጽ ላይም በፓስፖርትዎ ያለውን የልደት ቀን እንጂ ሌላ አያስገቡ፤ ብዙዎቻችን በወረቀት ያለን ዕድሜ እናታችን ከነገረችን ጋር እንደማይገጥም አውቃለሁ፤ ሕጋዊው ግን የወረቀቱ ነው። በማመልከቻ ላይ የተገኘ ውሸት በኋላ ክስ ሲነሣ የሚያገኙትን ካሣ እንደሚቀንስ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ1995 ውሳኔ ጀምሮ የታወቀ ነው።

አንድ ደስ የማይልዎትን ነገር ልጨምር። የመጨረሻው ሰርተፊኬትዎ የ2014 ነው፤ ክላውድ (በኢንተርኔት በኩል የሚገኝ የኮምፒውተር አገልግሎት) የሚል ቃል በሬዙሜዎ ውስጥ አላገኘሁም፤ የኔትወርክ ሥራ ግን አብዛኛው ወደዚያ ሄዷል። ይህን የምለው ቀጣሪዎቹን ለመከላከል አይደለም። ነገ በክስ ጊዜ ጠበቃቸው መጀመሪያ የሚያነሣው «የመረጥነው በዕድሜ ሳይሆን በችሎታ ነው» የሚለውን ስለሆነ፣ ያን መከራከሪያ ከእጃቸው የሚያስጥል አንድ ወቅታዊ ሰርተፊኬት ለሥራ ፍለጋውም ለክሱም ይጠቅማል።

ለኮሚሽኑ አቤቱታ ማቅረብ ክፍያ የለውም። በድረ ገጹ በኩል ቀጠሮ ይያዛል፤ ባልቲሞር ቢሮ አለው፤ አስተርጓሚም መጠየቅ ይቻላል። እዚያ ያስገቡት አቤቱታ ለሜሪላንድ የሲቪል መብቶች ኮሚሽንም እንዲተላለፍ ይጠይቁ። አቤቱታው ከገባ 60 ቀን ካለፈ በኋላ ፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ ይችላሉ፤ ኮሚሽኑ ጉዳዩን መዝጋቱን ካሳወቀዎት ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ 90 ቀን ብቻ አለዎት። ቢረቱ የሚያገኙት ያጡት ደመወዝ ነው፤ ድርጅቱ ሆን ብሎ ያደረገው ከሆነ እጥፍ ይሆናል። ስለ ደረሰብዎት ጭንቀት የፌዴራሉ ሕግ ካሣ አይሰጥም፤ ይህ ሁልጊዜ የሚያሳዝነኝ ክፍተት ነው፣ ለ19 ዓመት ቤተሰቡን በሙያው ያኖረ ሰው ጠዋት ልጆቹ ፊት የሚሄድበት ሲያጣ የሚሰማውን በየሳምንቱ ስለማየው።

የጻፍኩልዎት በላኩልኝ መረጃ ላይ የተመሠረተ አጠቃላይ ማብራሪያ ስለሆነ፣ በሠራተኞች በኩል ብቻ የሚቆም የሥራ ሕግ ጠበቃ በዚህ ሳምንት ያነጋግሩ። ሲሄዱ የስንብት ደብዳቤውን ከነፖስታው፣ የፈረሙትን ስምምነት ከነአባሪዎቹ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ዓመት ግምገማዎች ይያዙ። የዕድሜ ሠንጠረዡ ያለበትን ገጽ ካገኙት የመጀመሪያው ወረቀት ላይ ያድርጉት፤ ፈልገው ካጡትም «አልተሰጠኝም» ብለው ለጠበቃው ቁጭ ሳይሉ ይንገሩት።